የልጅን ስልክ በስውር መክፈት ይገባልን?



ቀደም ባሉት ዓመታት ወላጆች መድረሳ ድረስ መጥተው የሚጠይቁኝ ነገር የታወቀ ነበር። ልጄ ስንት ጁዝእ ደረሰ? ከማን ጋር ይቀመጣል? ይረብሻል ወይ? አሁን አሁን ግን አባትም እናትም ገለል አድርገው፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው የሚያነሱብኝ ጉዳይ ስልክ ሆኗል። ከሁሉ የሚደጋገመውም፣ «ኡስታዝ፣ ልጄ ሲተኛ ስልኩን ከፍቼ የተጻጻፈውን ባነብ ወንጀል አለብኝን?» የሚለው ነው።

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ከፊሉ ሰው፣ «ልጅህ አይደል እንዴ? ምን ያስጠይቃል!» ብሎ ያልፈዋል። ከፊሉ ደግሞ፣ «መሰለል ሐራም ነው፤ አለቀ» ይልና ነገሩን ይዘጋዋል። ሁለቱም መልሶች አንድን አባት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የልጁን ስልክ ይዞ እንዲቆም የሚያደርገውን ጭንቀት አይመጥኑም። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ የምጽፈውም ፈትዋ አይደለም። ሑክሙን በየዝርዝሩ ማወቅ የፈለገ ዑለሞችን ይጠይቅ። የእኔ፣ ከልጆች ጋር ውሎ የሚያመሽ አስተማሪ ያሰበውን ከእናንተ ጋር ለመወያየት ያህል ነው።

በመጀመሪያ የወላጁ ፍርሃት ከንቱ አለመሆኑን እንመን። በልጃችን እጅ ያለው ዕቃ እንደ ሬድዮ ወይም እንደ ቴሌቪዥን ተከፍቶ የሚዘጋ ብቻ አይደለም። ልጁ እሱን ሲያይ እሱም ልጁን ያየዋል። በቲክቶክ አንድን ቪዲዮ ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንዳየው፣ የቱን ደግሞ እንዳየ፣ የቱን ቶሎ እንዳሳለፈ ይመዘገብና ቀጥሎ የሚመጣለት በዚያው ልክ ተመርጦ ይመጣል። ያዘነ ልጅ ሐዘን ላይ ከቆየ ሐዘን ይጨመርለታል፤ የተናደደም እንዲሁ። ገጹ ደግሞ ማለቂያ የለውም። መጽሐፍ ገጹ ያልቃል፣ ጋዜጣም ያልቃል፤ ይህ ግን ጣት በገፋው ቁጥር ይቀጥላል። እንዲህ ማለቂያ የሌለውን ገጽ እ.ኤ.አ በ2006 የሠራው አዛ ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ በኋላ በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ፌስቡክም «ላይክ» የሚባለውን ምልክት ያመጣው እ.ኤ.አ በ2009 ነው። ከዚያ ወዲህ የ14 ዓመት ልጅ ፎቶዋን ካወጣች በኋላ ስንት ሰው እንደወደደላት በቁጥር ታያለች፤ ጓደኛዋ ስንት እንዳገኘችም ታያለች። ዒዱን ስትጠብቅ ከርማ በዒዱ ቀን ልብሷን ሳይሆን ቁጥሩን ስታይ የዋለች ልጅ አይቻለሁ።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ በ2021 ፍራንሲስ ሆገን የተባለች የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ባወጣቻቸው የውስጥ ሰነዶች፣ ኩባንያው ራሱ ባካሄደው ጥናት ኢንስታግራም ለከፊሎቹ ታዳጊ ሴቶች ስለ ሰውነታቸው ያላቸውን ክፉ ስሜት እንደሚያባብስ ያውቅ እንደነበር ታይቷል። እ.ኤ.አ በ2023 የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ቪቬክ መርቲ ባወጡት ማሳሰቢያ፣ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚያሳልፉ ታዳጊዎች ለጭንቀትና ለድባቴ የመጋለጣቸው ነገር እጥፍ ሆኖ መገኘቱን ጠቅሰዋል። ሁለት ነገሮች አብረው ተገኙ ማለት አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይደለም፤ ማሳሰቢያውም ቢሆን ጥቅም የለውም አላለም። አውስትራሊያ ግን ከዚህም አልፋ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በእነዚህ መድረኮች ላይ አካውንት እንዳይኖራቸው እ.ኤ.አ በኅዳር 2024 ሕግ አወጣች፤ ሕጉም ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በዚያ ሕግ የሚቀጣው ልጁ ወይም ወላጁ ሳይሆን ኩባንያው መሆኑ ደስ ይላል።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ያለው የኩባንያዎቹ የራሳቸው ደንብ ነው፤ በቲክቶክም፣ በፌስቡክም፣ በኢንስታግራምም ዝቅተኛው ዕድሜ 13 ነው። ይህ 13 የሚባለው ቁጥር የልጅ አእምሮ በስንት ዓመቱ እንደሚበስል ተመርምሮ የተገኘ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ በ1998 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ መረጃ መሰብሰብን ስለከለከለ ኩባንያዎቹ እዚያ ላይ አጥሩን አጠሩ። አጥሩም ቢሆን ከቃል ያለፈ አይደለም። ልጁ የልደት ዓመቱን ሲጠየቅ ሦስት ዓመት ጨምሮ ይጽፋል፣ በሩም ይከፈትለታል። ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ ያንን ቁጥር አጠገቡ ተቀምጦ የሚጽፍለት አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ መሆኑ ነው። እስቲ አስቡት፤ ልጁ ወደዚያ ዓለም ሲገባ የመጀመሪያው ሥራው ውሸት ነው፣ ውሸቱንም ያስተማረው ቤቱ ነው። ኋላ «ለምን ዋሸኸኝ?» ብለን ስንቆጣው ምን ብሎ ይመልስልን?

ታዲያ ስልኩን ነጥቀን ሳጥን ውስጥ ብንቆልፈውስ? እንዲህ የሚመክሩ ሰዎች ቤታቸው እንደሌላው ቤት አይመስለኝም። ከደረሶቼ መካከል እናታቸው ሪያድ ወይም ዱባይ ሠርታ የምታስተዳድራቸው አሉ። ለእነዚህ ልጆች እናት ማለት በኢሞ የምትታይ ፊት ናት። ትምህርት ቤት የቤት ሥራ የሚልከው በቴሌግራም ነው፤ በ2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ ወዲህ ይህ ልማድ አልቀረም። እኔም ራሴ የሒፍዝ ልጆች የቀሩትን በድምፅ ቀድተው እንዲልኩልኝ አደርጋለሁ። መርዙም መድኃኒቱም በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ጥያቄው ወደነበረበት ይመለሳል፦ ስልኩ በልጁ እጅ ከቀረ ወላጅ እንዴት ይጠብቀው?

አንድ ወንድማችን፣ እሱም ኡስታዝ ነው፣ በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር አይስማማም። ክርክሩ ጠንካራ ስለሆነ ላቅርብላችሁ። «ስልኩን የገዛሁት እኔ፤ ዳታውን የምሞላው እኔ፤ ነገ በአላህ ፊት ስለ ልጁ የምጠየቀው እኔ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሁላችንም እረኞች እንደሆንንና ስለ መንጋችን እንደምንጠየቅ አላስተማሩንምን? በጎቹን ሳያይ የሚጠብቅ እረኛ የት አለ?» ይላል። እውነት አለው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ተሕሪም ራሳችንንና ቤተሰባችንን ከእሳት እንድንጠብቅ አዞናል። ይህ ትእዛዝ ልጁ ስልክ ስለያዘ አይነሳልንም።

ነገር ግን የገዛሁት እኔ ነኝ የሚለው ክርክር ሩቅ አያስኬድም። ልብሱንም የገዛንለት እኛ ነን፤ ሲለብስ ግን በሩን አንኳኩተን እንገባለን። ደግሞ በስልኩ ውስጥ ያለው የልጃችን ነገር ብቻ አይደለም። ሰው ጉዳዩን ነግሮ ዞር ብሎ ከተመለከተ ያ ንግግር አማና እንደሆነ በሐዲስ ተምረናል። ዞር ብሎ ማየቱ ሌላ ሰው እንዳይሰማው መሥጋቱን ስለሚያሳይ ነው። የልጃችን ጓደኛ የቤቷን ችግር ስትጽፍላት አምና የጻፈችው ለእሷ ነው። እኛ ያንን ስናነብ የልጃችንን በር ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅንም በር ከፈትን።

የአንዲት እናት ነገር እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። የ15 ዓመት ልጇ ዝምታ ስላበዛች ተጨነቀች። ልጅቷ ስትተኛ አውራ ጣቷን በቀስታ ስልኩ ላይ አሳርፋ ከፈተችውና የሦስት ወር ጽሑፍ እስከ ፈጅር አነበበች። የፈራችው ወንድ አልነበረም። ያገኘችው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ልጅቷ «እናቴ ከወንድሜ ታበላልጠኛለች» ብላ ለጓደኛዋ ማልቀሷ፤ ሁለተኛው፣ የጓደኛዋ እናትና አባት ለመፋታት መቃረባቸው። የመጀመሪያውን ብታውቅ ጥሩ ነበር፤ ግን በምን መንገድ እንዳወቀችው መናገር ስላልቻለች ምንም ማድረግ አቃታት። ሁለተኛውን ደግሞ በሆዷ መያዝ ተሳናት፤ «ለማስታረቅ» ብላ ለአንዲት ጎረቤት አማከረች። ወሬው በሳምንቱ ዞሮ የጓደኛዋ ቤት ደረሰ። ያቺ ጓደኛ ማን እንዳወጣባት ለማወቅ ብዙ አልደከመችም። ልጅቷ አሁን ሁለት አካውንት አላት ይባላል፤ አንዱ እናቷ እንድታየው የተዘጋጀ ነው፤ ሶላትና ዱዓ የሞላበት።

ይህን አንድ ቤት የገጠመው ክፉ ዕድል አድርገን ብቻ አናልፈው። በስውር የሚደረግ ቁጥጥር ጠባዩ ይኸው ነው። በስውር ያወቃችሁትን በግልጽ ልትጠቀሙበት አትችሉም፤ ከተጠቀማችሁበትም መንገዱ ይጋለጣል። ልጁም ሲያውቅ የሚማረው ጥፋቱን መተው ሳይሆን መደበቁን ማሻሻል ነው። በስልክ ጉዳይ ደግሞ ልጆቻችን ከእኛ በብዙ ይቀድማሉ። በቴሌግራም የሚጠፋ መልእክት አለ፤ ሁለተኛ አካውንት በደቂቃ ይከፈታል፤ የጓደኛ ስልክም አለ። በዚህ እሽቅድምድም አባት አሸንፎ አያውቅም።

በኪታቦች የሚነገር፣ መሻይኾችም ለተምሳሌት የሚያነሱት አንድ ታሪክ አለ። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን ሌሊት መዲናን ሲጠብቁ ከአንድ ቤት የዘፈን ድምፅ ይሰማሉ። ግድግዳውን ዘለው ሲገቡ ሰውየውን ከመጠጥ ጋር ያገኙታል። ሲቆጡትም ሰውየው እንዲህ ሲል ይመልሳል፦ እኔ በአንድ ነገር አላህን ካመፅኩ እርስዎ በሦስት ነገር አጥፍተዋል፤ መሰለል ተከልክሎ ሳለ ሰለሉ፤ ቤት በበሩ እንዲገባ ታዞ ሳለ በግድግዳ ገቡ፤ ሳያስፈቅዱና ሰላምታ ሳያቀርቡም ዘለቁ። ዑመርም ይቅርታ ተለዋውጠው ወጡ ይባላል። ሰውየው ጥፋተኛ ነበር፤ ዑመርም መሪ ነበሩ። የተገኘው ነገር እውነት መሆኑ ግን የተገባበትን መንገድ ትክክል አላደረገውም።

እርግጥ አባትና ልጅ እንደ መሪና እንደ ጎልማሳ ተገዢ አይደሉም። ልጅ ሲወለድ ጀምሮ ገላው እንኳ ከእናቱ የተሰወረ አልነበረም። ይሁን እንጂ ይህ ሁኔታ እንዳለ እንደማይቀጥል ቁርኣን ራሱ አመልክቶናል። በሱረቱ ኑር ውስጥ ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ልጆች በሦስት ጊዜያት፣ ይኸውም ከፈጅር ሶላት በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ሰዓትና ከዒሻእ ሶላት በኋላ፣ ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ ታዟል። ሲደርሱ ደግሞ እንደ ታላላቆቻቸው ሁልጊዜ ያስፈቅዳሉ። ትእዛዙ የወረደው ልጆች ወደ ወላጆች ስለመግባታቸው ነው፤ እኔም ከዚያ አልፌ ሌላ ሕግ አላወጣም። ግን ልብ በሉ፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በር የሚባል ነገር እንዳለና ያ በር ከልጁ ዕድሜ ጋር እየጠነከረ እንደሚሄድ እንማራለን። ማንኳኳትን ያስተማርነው ልጅ እኛም እንድናንኳኳ ቢጠብቅ አይፈረድበትም።

ስለዚህ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅና የ16 ዓመት ልጅ በዚህ ጉዳይ አንድ አይደሉም። ትንሹ ልጅ የራሱ ስልክ ባይኖረው ይመረጣል፤ ካስፈለገው በእናቱ ስልክ፣ በእናቱ ፊት ይጠቀም። እዚህ ላይ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። በ13 እና በ14 ዓመቱ ስልክ ከተሰጠው ደግሞ ገና ከማሸጊያው ሳይወጣ ቃል ኪዳን ይደረግ። «ይህን ስልክ አንተና እኔ አብረን እናየዋለን። ከማን ጋር እንደምትገናኝ አውቃለሁ። ሳልነግርህ ግን አልከፍተውም» ይባል። ያን ጊዜ ማየቱ ስለላ መሆኑ ይቀርና ጥበቃ ይሆናል፤ ልጁ ያውቃልና። ነጋዴዎቹ እንኳ በዚህ ላይ አስበውበታል። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ በ2024 ባወጣው የታዳጊዎች አካውንት ወላጅ ልጁ ባለፉት ሰባት ቀናት ከእነማን ጋር እንደተጻጻፈ ማየት ይችላል፤ የተጻፈውን ግን ማንበብ አይችልም። የኩባንያው ሐሳብ ምንም ይሁን ምን፣ ከማን ጋር የሚለውንና ምን ተባባሉ የሚለውን መለየቱ ብልኅነት ነው። አባቶቻችንም ቢሆኑ ከማን ጋር እንደዋልን ይጠይቁን ነበር እንጂ የተነጋገርነውን ቃል በቃል አያስደግሙንም ነበር።

ይህ ሁሉ ሲባል፣ በሩ የማይንኳኳበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። ቤቱ ሲቃጠል አስፈቅዶ የሚገባ የለም። ልጅቷ መብላት ካቆመች፣ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ፊቷ ከተለወጠ፣ ያልታወቀ ሰው ገንዘብ ከላከላት፣ በፎቶ የሚያስፈራራት እንዳለ ከተጠረጠረ፣ ወይም ልጁ ስለ ጉዞ ከማይታወቅ ሰው ጋር የሚነጋገር ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ደላሎች ልጆቻችንን የሚያግባቡት እንደ ድሮው በመናኸሪያ ብቻ አይደለም፤ በቲክቶክና በቴሌግራም የደረሱ ሰዎችን ፎቶ እያሳዩ የሊቢያንና የየመንን መንገድ ያሳምራሉ። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ወላጅ ዝም ቢል በእረኝነቱ ይጠየቃል። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ልጁን ይጠይቅ፤ ካልመለሰ በፊቱ ይክፈት። በሌሊት፣ በተኛ ልጅ ጣት መክፈት ግን የመጨረሻውም መጨረሻ ይሁን። ምልክት ሳይታይ «ምናልባት» ብሎ መክፈት ደግሞ ሱረቱል ሑጁራት ከከለከለው ጥርጣሬ ጋር የሚገጥም ይመስለኛል፤ በዚያ ሱራ ጥርጣሬና ስለላ በአንድ አንቀጽ፣ ተከታትለው መምጣታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁለቱ ቀጥሎ የሚመጣውም ሐሜት ነው። የዚያች እናት ታሪክ ቅደም ተከተሉን ሳያዛንፍ ነው የሄደው።

ለመሆኑ አባት በማያይበት ጊዜ ልጁን ማን ያይለታል? እዚህ ላይ ሉቅማን ለልጁ የሰጠውን ምክር አስታውሱ። ሙፈሲሮች ብዙዎቹ ሉቅማንን ሐበሻ ወይም ኑቢያዊ እንደነበር ይጠቅሳሉ፤ ስለዚህ ለእኛ ቅርብ ነው። በሱራው ውስጥ ሦስት ጊዜ ልጁን በፍቅር ቃል ይጠራዋል። ከዚያም የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ሥራ በቋጥኝ ውስጥም ሆነ በሰማያት ብትሆን አላህ እንደሚያመጣት ይነግረዋል። አባቱ «እኔ አገኝብሃለሁ» አላለም። ራሱን ጠባቂ አድርጎ አላቆመም፤ ልጁን የማያንቀላፋው ጌታ ያውቅሃል ብሎ አስተማረው እንጂ። ይህን ነው ዑለሞቻችን ሙራቀባ የሚሉት። በአባቱ ፍርሃት ብቻ የተገራ ልጅ የአባቱ ዓይን በማይደርስበት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መገራቱ ያበቃል።

ሙራቀባ ግን በምክር ብቻ አይመጣም፤ የልምድን እርዳታ ይፈልጋል። አንዲት የደረሳዬ አያት አሉ፤ ፊደል አልቆጠሩም፣ ስልክ መክፈትም አያውቁም። ቢፈልጉም መሰለል አይችሉም። ከመግሪብ በኋላ ቡና ሲፈላ ግን ልጁን አጠገባቸው ያስቀምጡትና፣ «እስቲ ዛሬ በዚያ ውስጥ ምን አየህ? አሳየኝ» ይሉታል። ያሳያቸዋል። አንዳንዱን ያያሉ፣ ይስቃሉ፤ አንዳንዱን «አስተግፊሩላህ፣ ይሄን ዝጋልኝ» ይላሉ። ልጁም ቀን ሲያይ «ይህንን ለአያቴ ባሳያት ምን ትላለች?» ማለት እንደለመደ ራሱ ነግሮኛል። ከተማሩት ወላጆች ይልቅ እኚህ አያት የልጁን ስልክ በደንብ ያውቁታል።

ከልምዱ ሁሉ ግን አንደኛው እንቅልፍ ነው። ብዙውን ጥፋት የሚያመጣው የሚታየው ነገር ከመሆኑም በላይ የሚታይበት ሰዓት ነው። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ርካሽ ስለሆነ ልጆቻችን ከዒሻእ በኋላ ይነቃሉ፣ በፈጅር ይተኛሉ። ጠዋት መድረሳ ሲመጡ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ትናንት የሸመደዱት ገጽ ጠፍቶባቸው ይቀመጣሉ። ኩባንያዎቹ ያበጁትን ገደብ አትመኑ። ቲክቶክ ከ18 ዓመት በታች ላሉት የ60 ደቂቃ ገደብ እንዳደረገ እ.ኤ.አ በ2023 አስታውቋል፤ ነገር ግን ከ13 ዓመት በላይ የሆነው ልጅ 60 ደቂቃው ሲሞላ ቁጥር አስገብቶ ይቀጥላል። ይህ እንግዲህ ለጾመኛ ምግቡን ፊቱ አስቀምጦ «ከፈለግህ ክደነው» እንደማለት ነው። ከዚህ ሁሉ አንድ ቻርጀር ይበልጣል። የቤቱ ቻርጀሮች ሁሉ ሳሎን ውስጥ አንድ ቦታ ይሁኑ፤ ከዒሻእ በኋላ የሁሉም ስልክ እዚያ ይደር። ልጁን ለፈጅር የሚቀሰቅሰው የስልኩ ደወል ከሆነ ተራ የማንቂያ ሰዓት ይገዛለት። መልእክት በመጣ ቁጥር የሚጮኸውን ድምፅ ማጥፋትም ብዙ ይረዳል።

የሁሉም ስልክ ያልኩት በአፍ ወለምታ አይደለም። የአባቱ ስልክ ትራስ ሥር እያደረ የልጁ ስልክ ሳሎን ቢያድር ልጁ ይህን ቅጣት እንጂ ሥርዓት አይለውም። እራት ላይ አንድ እጁ ገበታ አንድ እጁ ስልክ ላይ የሆነ አባት ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚናገረውን ቃል ሁሉ ልጁ እየሰማ ያልፈዋል። በተለይ እናቶችን የምለምነው ሌላ ነገርም አለ። ልጃችሁ ሲያለቅስ፣ ሲሳሳት፣ ቁርኣን ሲቀራ ተሰናክሎ ሲያስቅ ቀድታችሁ አታውጡት። ለእናንተ ፍቅር ነው፤ ለእሱ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ የክፍል ጓደኞቹ የሚያላግጡበት ቪዲዮ ይሆናል። ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) ለዩሱፍ ሕልሙን ለወንድሞቹ እንዳይነግር ሲያስጠነቅቁት መልካም ነገር እንኳ ለሁሉ ዓይን እንደማይዘረጋ አስተማሩት። እኛ ደግሞ የልጆቻችንን ሕልምም ዕንባም ለማናውቀው ሺህ ሰው እንዘረጋለን፤ ከዚያ ልጆቹ ፎቶ ሲያወጡ እንቆጣለን።

ከዚያው ታሪክ ሳንወጣ አንድ ነገር ላክል። ዩሱፍ ያን የሚያስደነግጥ ሕልም ሲያይ ማንም ሳይሰልለው ራሱ ወደ አባቱ መጥቶ ነገራቸው። የሚነገራቸው አባት ስለነበሩ ነው። የእኛ ልጅ በስልኩ የሚያስፈራ ነገር ቢመጣበት የመጀመሪያ ሐሳቡ ምን እንደሚሆን ራሳችንን እንጠይቅ። «ለአባቴ ልንገረው» ነው ወይስ «አባቴ እንዳያውቅ»? ይህ በመጀመሪያው ጥፋት ቀን የሚወሰን ነው። ልጁ አንድ ጊዜ ደፍሮ «እንዲህ ያለ ነገር ላኩልኝ» ብሎ ሲያሳየን ስልኩን ነጥቀን ከደበደብነው፣ ሁለተኛ አያሳየንም። ያን ጊዜ ስልኩ ቢነጠቅ የሚጎዳው ተናጋሪው ስለሆነ፣ ዝም ያለው ልጅ ብልኅ ሆኖ ይቀራል።

ለመጨረሻ ጊዜ አንድ አባት የጠየቀኝን ላንሳ፤ ጥያቄው የብዙዎች ሳይሆን አይቀርም። «ኡስታዝ፣ እኔ አንብቤዋለሁ። አሁንስ ምን ላድርግ?» አለኝ። ያነበበው ከባድ ነገር አልነበረም፤ የ16 ዓመት ልጁ ሲጋራ ስለመሞከሩ ለጓደኛው የጻፈው ነው። «ንገረው» አልኩት። በቀን ንገረው፤ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ። መጀመሪያ ስልክህን ሳላስፈቅድህ ከፍቻለሁ ብለህ ጀምር፤ ስለ ሲጋራው ደግሞ ከዚያ በኋላ ተነጋገሩ። ይህን ስለው ፊቱ ተለወጠ። አባት ልጁን ይቅርታ ይጠይቃል ወይ ብሎ ተከራከረኝ። እኔም ስለ ዑመር የሚነገረውን አስታወስኩት። በጓደኛው በኩል የተጻፈ ካለ ደግሞ እሱ ያንተ አይደለም፤ ለባለቤትህም ቢሆን አትንገር አልኩት። ልጁን በጁሙዓ ከሶላት መልስ በእግር እየሄዱ ሊያነጋግረው ተስማምተን ተለያየን።